ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በሉተራዊ ዓይን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮዬ ፈጬ ባለችው አጥቢያችን፣ እሑድ ከሰዓት በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ እየተመላለሱ የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ የምመልሰው እንደ አንድ የመካነ ኢየሱስ፣ ማለትም የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምዕመን ነው።

ክርስቲያናዊ ብሔርተኝነት ሲባል ምን ማለት ነው?

ሀገሪቱ የክርስቲያኖች ናት ብሎ ማመን ነው። ሕጉም፣ ባንዲራውም፣ ታሪኩም የእኛ ነው፤ ሌላው ቢኖርም በእንግድነት ነው የሚል አስተሳሰብ። ቃሉን መጀመሪያ ወደ ጥናታችን ያመጡት ስለ አሜሪካ ፖለቲካ በዩቲዩብ የሚከታተሉ ወጣቶች ናቸው። ነገሩ ግን ከዩቲዩብም ከአሜሪካም በፊት የነበረ ነው።

መለያው ቀላል ነው። አንድ ሰባኪ ስለ ክርስቶስ እያወራ "እኛ" ሲል የትኞቹን "እኛ" ማለቱ እንደሆነ አዳምጡት። በክርስቶስ ያመኑትን ሁሉ ማለቱ ከሆነ ኬንያዊውም ኮሪያዊውም አለበት። የአንድ ሀገር ወይም የአንድ ብሔር ሰዎችን ብቻ ማለቱ ከሆነ ግን፣ ክርስቶስ እዚያ ንግግር ውስጥ የገባው ለማድመቂያ ነው።

ታዲያ ሀገሬን መውደዴ ጥፋት ነው?

በፍጹም። ኤርምያስ በባቢሎን ለነበሩት ምርኮኞች የተማረኩባትን ከተማ ሰላም እንዲፈልጉ ጽፎላቸዋል፤ ያውም የጠላት ከተማ። ልጆቻችን በካቴኪዝም ትምህርት ላይ "የዕለት እንጀራችንን ስጠን" የሚለውን ሲያጠኑ፣ ጀርመናዊው የተሐድሶ መሪ ማርቲን ሉተር እንጀራ ሲል ምግብና ልብስ ብቻ አይልም። መልካም መንግሥት፣ ሰላም፣ የተስማማ አየር፣ ታማኝ ጎረቤት፣ ሁሉንም እዚያው ይደረድራቸዋል። ሀገር ልክ እንደ እንጀራ ናት። እናመሰግንባታለን፣ እንካፈላታለን። አናመልካትም።

"ሁለቱ መንግሥታት" የሚባለው ትምህርት ምንድነው?

እግዚአብሔር ዓለምን በሁለት እጆቹ ያስተዳድራል የሚል ነው። በግራ እጁ ሕግ፣ ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ፣ ግብር አለ። ሥራው ክፉን ማገድና ሰው ማታ በሩን ዘግቶ በሰላም እንዲያድር ማድረግ ነው። ለዚህ ሥራ የግድ ክርስቲያን መሆን አያስፈልግም፤ አእምሮና ፍትሕ ይበቃል። በቀኝ እጁ ደግሞ ቃሉ፣ ጥምቀቱ፣ ቅዱስ ቁርባኑ አለ። እዚህ ዱላ የለም። ሰው ይሰማል፣ ያምናል፣ ይቅር ይባላል። ሁለቱም እጆች የእግዚአብሔር ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ሲሠራ ግን ሁለቱም ይበላሻሉ። በቱሉ ዲምቱ መንገድ ላይ ያለ ትራፊክ ፖሊስ ሰው የገጨውን ሚኒባስ ሹፌር "ይቅር ብዬሃለሁ፣ ሂድ" ቢለው ነገ ሌላ ሰው ይሞታል። ቄሱም ንስሐ ሊገባ የመጣውን ያንኑ ሹፌር "መጀመሪያ የቅጣቱን ደረሰኝ አምጣ" ቢለው ወንጌሉ ጠፋ ማለት ነው።

ሉተር ስለዚህ ጉዳይ በሰፊው የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1523 ነው፤ የጻፈበት ምክንያትም ነበረው። ወደ ጀርመንኛ የተረጎመው አዲስ ኪዳን በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ አንዳንድ መሳፍንት ሕዝቡ መጽሐፉን እንዲያስረክብ አዘዙ። የሉተር መልስ ግልጽ ነበር። የመሳፍንት ሥልጣን በሰውነትና በንብረት ላይ ነው፤ ነፍስ ላይ አይደርስም። አንድም ገጽ በእጃችሁ አታስረክቡ፤ ቤታችሁን በርብረው ከወሰዱት ግን በጉልበት አትከላከሉ አለ።

በዚያው ጽሑፍ ተቃራኒውን ስህተትም ነክቶታል። ዓለምን በወንጌል ብቻ ላስተዳድር የሚል ሰው፣ ተኩላንና በግን አንድ በረት ውስጥ አስገብቶ "በሰላም ኑሩ" እንደሚል እረኛ ነው ይላል። በጎቹ ሰላም አያደፈርሱም። ግን ብዙ አይቆዩም። ከሰበታና ከሱሉልታ ገጠር ለመጡ ምዕመናን ይህን ምሳሌ ማብራራት አስፈልጎኝ አያውቅም።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ክርክር አይደለም? እኛን ምን አገባን?

ከማንም በላይ እኛን ያገባናል። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደንግጓል። ንጉሠ ነገሥቱም የግድ የዚያ እምነት ተከታይ መሆን ነበረበት። ከዚያ ቀደም በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮን ደንብ ሀገሪቱን ለወንጌል ሥራ ክፍትና ዝግ ብሎ ከፋፍሎ ነበር። አዲስ አበባ ክፍት ነበረች፤ ዝግ በተባሉት አካባቢዎች ሚሲዮኖች ማከምና ማስተማር እንጂ እምነታቸውን መስበክ አይችሉም ነበር። መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም. ሀገር አቀፍ ቤተ ክርስቲያን ሆና የተመሠረተችው በዚህ ዘመን ነው። ይህን የማነሳው በኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ላይ ቂም ለመያዝ አይደለም። የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን መሆን እነሱንም ጎድቷቸዋል፤ ንጉሡ ሲወድቅ ደርግ መጀመሪያ ከነኳቸው መካከል ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ነበሩ። ከመንበራቸው አወረዳቸው፣ አሰራቸው፣ በኋላም ገደላቸው።

ከዚያ ተራው የእኛ ሆነ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ከአዲስ አበባ ያሰራጨው የነበረው ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ተወረሰ። ጣቢያው "የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ" ተባለ። የቤተ ክርስቲያናችን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ዑራኤል ባለችው አጥቢያ ሰብከው ሲወጡ ታፈኑ፤ ያንኑ ሌሊት ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። የቄስ ጉዲና አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ ሁለቱንም ቀምሰናል። መንግሥት ሌላውን ሃይማኖት ሲያቅፍ ውጭ መቆምን አይተናል። መንግሥት ሃይማኖትን ሁሉ ሲጠላ መሞትንም አይተናል። "አሁን ተራው የእኛ ይሁን" የሚል ሰው ከመካከላችን ሲነሳ ውስጤ የሚታመመው ለዚህ ነው።

ሕገ መንግሥቱ "ሃይማኖት በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም" ይላል። ቤተ ክርስቲያን ዝም ትበል ማለት ነው?

አንቀጽ 11 ሦስት ነገር ይላል። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው። መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም። አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም። አንድ ሉተራን በዚህ የሚከፋበት ነገር የለም። የሉተራን ዋና የእምነት ሰነድ የሆነው የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫም እ.ኤ.አ. በ1530 በ28ኛው አንቀጹ የቤተ ክርስቲያንን ሥልጣንና የመንግሥትን ሥልጣን አትቀላቅሉ ብሏል።

ጣልቃ መግባት ሌላ፣ መናገር ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሚኒስትር ልሹም፣ በጀት ልመድብ ካለች ጣልቃ ገብታለች። "አትስረቅ" ብላ ስትሰብክ ግን የራሷን ሥራ እየሠራች ነው፤ የሰረቀው ባለሥልጣንም ይሁን ነጋዴ። እኔ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም የቆመው ትናንት ጤፍ ይዘራበት በነበረ መሬት ላይ ነው። ከሳሎኔ መስኮት ቁልቁል ሳይ ያልተሠራበት ቁራሽ መሬት ላይ አሁንም የድንበር ድንጋዩ ይታየኛል። የዚያ መሬት ባለቤት ልጆች አጥቢያችን ውስጥ ናቸው። "ካሳው አልበቃንም፣ አባታችን ዘበኛ ሆኖ ነው የሞተው" ሲሉ፣ ይህ ፖለቲካ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ቄስ ጉዲና ቤተ ክርስቲያናቸውን ይዘው በ1964 ዓ.ም. ለውጭ አጋሮች በጻፉት ደብዳቤ የሞገቱት ይህንኑ ነው። ሰውን ነፍስና ሥጋ ብሎ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን ብቻ ማገልገል አይቻልም።

"ሀገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው" የሚለው አባባል ሉተራዊ ነው?

የመጀመሪያው ግማሽ፣ አዎ። ሁለተኛውን ግማሽ በጥንቃቄ ነው የምቀበለው። የማምነውን ማንም አያስገድደኝም ለማለት ከሆነ ልክ ነው። እምነትህን ቤትህ ትተህ ውጣ ለማለት ከሆነ ግን አይሆንም። ሉተር አጥብቆ ያስተማረው እምነት ለጎረቤት የሚወጣ መሆኑን ነው። ነርሷ በሽተኛውን ስታክም፣ ግብር ሰብሳቢው ጉቦ አልቀበልም ሲል፣ እምነታቸው አደባባይ ላይ ነው ያለው።

ክርስቲያን ወታደር፣ ፖሊስ ወይም ዳኛ መሆን ይችላል?

ይችላል። የአውግስቡርግ መግለጫ 16ኛ አንቀጽ በግልጽ ፈቅዷል። ሉተር ግን አንድ ነገር ጨምሯል። አዛዡ የሚያዘው ግልጽ በደል መሆኑን ያወቀ ሰው መታዘዝ የለበትም፤ በደል የመሥራት ግዴታ ማንም ላይ የለምና።

ሮሜ 13 "ነፍስ ሁሉ ለባለ ሥልጣኖች ይገዛ" ይላል። መንግሥት ያለው ሁሉ ትክክል ነው?

ይህን ጥቅስ ያለ ጎረቤቱ አታንብቡት። ሐዋርያት ሥራ 5 ቁጥር 29 ላይ ጴጥሮስ "ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል" ብሏል። ጳውሎስ ራሱ ሮሜ 13ን ጽፎ በኋላ በሮም መንግሥት እጅ ነው የሞተው። መንግሥት የእግዚአብሔር አገልጋይ ነው ሲባል፣ አገልጋይ ከሆነ ከበላዩ ጌታ አለ ማለት ነው።

በተግባር ምን ይመስላል? እ.ኤ.አ. በ1942 ናዚዎች ኖርዌይን በያዙበት ጊዜ፣ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት በሙሉ የመንግሥት ሹመታቸውን መለሱ። ምዕመናንን ግን ማገልገል አልተዉም። አብዛኞቹ ቄሶች ተከተሏቸው። የኦስሎው ጳጳስ ኤይቪንድ ቤርግራቭ ታሰሩ። ሰይፍ አላነሱም። ግን "ሹመቱ የእናንተ ነው፣ ውሰዱት፤ ጥሪው የእናንተ አይደለም" አሉ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ቄስ ጉዲና ከሀገር እንዲወጡ መንገድ አመቻችተውላቸው ነበር። ቄሱ መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። ደርግ ቤተ ክርስቲያኒቱ በውጭ ሀገር ጥብቅና እንድትቆምለት ይፈልግ ነበር፤ እሳቸው ለዚያ ፈቃደኛ አልነበሩም። አንዳንድ ሰው "ለመንግሥት ቢታዘዙ ኖሮ አይሞቱም ነበር" ይለኛል። በግብርም በሕግም ታዝዘዋል። ምላሳቸውን ማከራየት ነው እምቢ ያሉት።

ሉተራን የሆኑ ሀገሮች ራሳቸው የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አልነበራቸውም?

ነበራቸው። ስዊድን እስከ እ.ኤ.አ. 2000 ድረስ ነበራት። ዴንማርክ ውስጥ ዛሬም በሕገ መንግሥቱ መንግሥት የሚደግፈው ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ነው። ጥፋቱ የጀመረው በሉተር ዘመን ነው። ጳጳሳቱ ተሐድሶውን እምቢ ሲሉ፣ ሉተር መሳፍንቱ ለጊዜው ቤተ ክርስቲያንን እንዲያደራጁ ለመናቸው። "ለጊዜው" የተባለው ብዙ መቶ ዓመት ቆየ። ራሱ ያሰመረውን መስመር ራሱ አልጠበቀም። በ1525 በገበሬዎቹ አመፅ ጊዜ መሳፍንቱ ያለ ምሕረት እንዲመቱ ጻፈ። በ1543 ደግሞ በአይሁድ ላይ የጻፈውን ማንበብ ያሳፍራል። ምኩራባቸው እንዲቃጠል ነው የመከረው። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1984 ይህን ጽሑፍ በይፋ አውግዟል። ስሙን የተሸከምን ሰዎች ይህን መደበቅ የለብንም።

ውጤቱ በጀርመን ታየ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ "ጀርመን ክርስቲያኖች" የተባለው ቡድን ሂትለርን የእግዚአብሔር ስጦታ አድርጎ ሰበከ፤ የአይሁድ ደም ያላቸው ቄሶች ከአገልግሎት እንዲወገዱ ጠየቀ። እነዚህ ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስ ያልያዙ ሰዎች አልነበሩም። ይዘዋል፤ በላዩ ላይ ግን ባንዲራ ጠቅልለውበታል። በግንቦት 1934 ተቃዋሚዎቹ በባርመን ተሰብስበው፣ ቤተ ክርስቲያን ልትሰማው የሚገባት አንድ ቃል ክርስቶስ ብቻ ነው ብለው አወጁ። ወጣቱ የሉተራን ቄስ ዲትሪሽ ቦንሆፈር ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ ቤተ ክርስቲያን በመንኮራኩር የተደመሰሱትን ሰዎች ቁስል ከማሰር አልፋ መንኮራኩሩን ራሱን ማስቆም ሊኖርባት ይችላል ብሎ ጽፎ ነበር። ሚያዝያ 1945 ጦርነቱ ሊያበቃ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ናዚዎች ሰቀሉት።

"ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች" ተብሎ የለ? ሀገራችን የተመረጠች አይደለችም?

መዝሙር 68 ቁጥር 31ን የማይወድ ኢትዮጵያዊ አላየሁም። እኔም እወደዋለሁ። ቃሉን ግን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የተዘረጋ እጅ የሚለምን እጅ ነው። ሌላውን የሚገፋ እጅ አይደለም።

ጎን ለጎን አሞጽ 9 ቁጥር 7ን አስቀምጡ። "የእስራኤል ልጆች ሆይ፥ እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን?" ይላል። እግዚአብሔር ይህን የተናገረው እስራኤል በመመረጧ ስትመካ ነው። ኢትዮጵያ ስሟ የተጠራው ለማንም የተለየ ቦታ እንደሌለ ለማሳየት ነው። ይህን ጥቅስ መኪና ላይ ተለጥፎ አይቼ አላውቅም፤ ቢለጠፍ ደስ ይለኛል።

መሪው ራሱ የወንጌል አማኝ ሲሆንስ? ደስ ሊለን አይገባም?

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ የወንጌል አማኝ መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። በ2010 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዙ ብዙዎቻችን የተለየ ደስታ ተሰማን። ለዘመናት "ጴንጤ" እየተባለ ሲገፋ ለኖረ ሕዝብ ይህ ስሜት ይገባኛል። ችግሩ የመጣው ደስታው ወደ ትንቢት ሲለወጥ ነው። "የተቀባ ነው፣ የሚቃወመው እግዚአብሔርን ይቃወማል" የሚል ስብከት በየመድረኩ ተሰማ። ያን ጊዜ ሁለቱ እጆች ተቀላቀሉ።

ሉተር "ሞኝ ክርስቲያን ከሚገዛኝ ብልህ ቱርክ ይግዛኝ" ብሏል እየተባለ ይነገራል። ይህ ቃል በጽሑፎቹ ውስጥ አልተገኘም። ሐሳቡ ግን ከትምህርቱ ብዙ የራቀ አይደለም። መሪን የምንለካው በፍትሑ ነው፣ በሚዘምረው መዝሙር አይደለም። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ እንጸልያለን፤ 1ኛ ጢሞቴዎስ 2 ያዘናል። ለሙስሊም መሪም፣ ለኦርቶዶክስ መሪም፣ ለማያምንም መሪ በዚያው ልክ እንጸልያለን። ሲሳሳቱም ሁሉንም በአንድ ሚዛን እንናገራለን። አማኝ ወንድማችን ስለሆነ ዝም ካልን፣ ወንድማችንንም አልወደድነውም።

ሽማግሌ ወይም ቄስ የፓርቲ አባል መሆን ይችላል? ከወረዳ የመጣ ማስታወቂያስ ከመድረክ ይነበብ?

ምዕመን እንደ ዜጋ ፓርቲ ቢገባ መብቱ ነው፤ እንዲያውም ቅን ሰዎች ቢገቡበት ደስ ይለኛል። ቄስ ግን መንጋው ውስጥ ሁሉም ዓይነት ሰው አለ። ፓርቲ የገባ ቄስ ግማሹ ምዕመን ንስሐ ሊነግረው ይፈራዋል። በእኔ እይታ አንዱን መምረጥ አለበት።

ማስታወቂያውን በተመለከተ፣ አጥቢያችን የተጠቀመችበትን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ሠራተኛ እሑድ ጠዋት ወረቀት ይዞ መጣ። ገና የመጀመሪያው መዝሙር እየተዘመረ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር ነበር፤ የክትባት ዘመቻና የድጋፍ ሰልፍ። የሽማግሌዎች ሰብሳቢያችን በሩ ጋ ቆመው መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡት። "ልጄ፣ ክትባቱን አነብልሃለሁ። ሰልፉን ግን በር ላይ ለጥፍ፣ የፈለገ ያያል። ከዚህ መድረክ አይነበብም" አሉት። ልጁ ትንሽ ተከፋ። ሻይ ጠጣና ሄደ።

አጥቢያችን ውስጥ የኦሮምኛና የአማርኛ ጉዳይ ያጨቃጭቃል። ይህም ብሔርተኝነት ነው?

በራስ ቋንቋ ማምለክ ብሔርተኝነት አይደለም። ሉተር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጀርመንኛ የተረጎመው ገበሬው በገባው ቋንቋ እንዲሰማ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው በዚያው ምክንያት ነው። በእኛ አዳራሽ ጠዋት ኦሮምኛ፣ ቀጥሎ አማርኛ አለ። ቋንቋህን ተው የሚለኝ ሰው የጴንጤቆስጤን ዕለት አላነበበውም።

ብሔርተኝነት የሚሆነው ቋንቋው አጥር ሲሆን ነው። "ይህች ቤተ ክርስቲያን የእነሱ ናት" የሚለው ቃል ሲገባ። ይህ ቃል ከሁለቱም ወገን ሲነገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አንዱ ብቻ ጥፋተኛ ነው አልልም። ባለመሬቱ ከመሬቱ ተነስቷል፤ ቁስሉ እውነት ነው። ባለኮንዶሚኒየሙም ዕጣ ደርሶት፣ ተበድሮ ነው የገባው፤ ፍርሃቱ እውነት ነው። ሁለቱ አንድ ጽዋ ካልተካፈሉ ግን ነገሩ ከቋንቋ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1977 የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን እዚሁ አህጉራችን ዳሬ ሰላም ላይ ተሰብስቦ፣ በዘር ተለያይቶ መቁረብ የፖለቲካ አስተያየት ሳይሆን የእምነት ጉዳይ ነው አለ። በ1984 የነጮች ብቻ የነበሩትን የደቡባዊ አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት አባልነት አገደ።

እኛ ያደረግነው ትንሽ ነገር ነው። በወር አንድ እሑድ ሁለቱ ፕሮግራም አንድ ላይ ይሆናል፤ ቁርባኑም ያን ቀን ነው። ይረዝማል። ልጆች ይሰለቻሉ፤ አስተርጓሚው ይደክማል። አንዳንዱም ያን እሑድ መርጦ ይቀራል። እኔ ግን ይህን ፕሮግራም እንዳንተወው ሁልጊዜ እለምናለሁ።

ሙስሊሞች የሸሪዓ ፍርድ ቤት አላቸው። እኛስ የራሳችን ቢኖረን?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የሃይማኖት ዳኝነትን የሚፈቅደው በቤተሰብና በግል ጉዳይ፣ ያውም ሁለቱም ተከራካሪዎች ሲስማሙ ነው። እነሱ በዚህ መጠቀማቸው ከእኛ የሚወስደው ነገር የለም። ወንጌል የፍትሐ ብሔር ሕግ አይደለም። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌዎቻችን ያስታርቃሉ፤ ንብረት መካፈል ከመጣ ፍርድ ቤት አለ።

በሰፈራችን መስጊድ ሊሠራ ነው ሲባል መቃወም የለብንም?

የለብንም። ይህ መልስ በጥናታችን ላይ ብዙ አጨቃጭቋል። ለአንድ ወንድም ጥያቄውን ገልብጬ ጠየቅሁት፦ አምልኮ የሚፈቅድና የሚከለክል ኃይል ለመንግሥት ብንሰጠው፣ ነገ ያ ኃይል በማን እጅ ይሆናል? በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሕገ ወጥ ግንባታ ናቸው ተብለው መስጊዶች ሲፈርሱ፣ ከመካከላችን "እኛን አይመለከትም" ያለ ብዙ ነበር። የእኛ አዳራሽ ካርታ ነበረው? አልነበረውም። ዛሬም የለውም።

የመቃብር ቦታም አንድ ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት እናታችን ሲያርፉ፣ በአቅራቢያችን የሚቀብራቸው ቦታ አጥተን አስከሬኑን ይዘን ከከተማው ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድን። ዕድሩ አውቶቡስ ተከራየ፣ ቀኑ መሸ። ከዚያ በኋላ የቦታ ጥያቄያችንን ይዘን ሽማግሌዎች ወደ መሬት ጽሕፈት ቤት መመላለስ ጀመርን። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር የሰፈሩ የመስጊድ ኮሚቴ ሰዎች ተቀምጠው አገኘናቸው። ጥያቄያቸው ልክ እንደ እኛው ነበር፤ አንድ የአምልኮ ቦታ፣ አንድ የመቃብር ቦታ። ፋይላቸው ከእኛ ይወፍራል፤ ከእኛ አንድ ዓመት ቀድመው ነው የጀመሩት። አንድ አባት የእኛን ወረቀት አይተው "ይሄ ፊርማ ይጎድለዋል፣ ሦስተኛው መስኮት ሂዱ፤ እኔን ለዚህ ብቻ ሁለት ወር አመላልሰውኛል" አሉን። ሄደን አስፈረምን።

በሚቀጥለው እሑድ የጸሎት ርዕስ ስናወጣ የቦታችን ጉዳይ ተነሳ። አንዲት እህት እጇን አወጣች። "የእነሱንም እንጨምር?" አለች። ትንሽ ዝምታ ሆነ። ከዚያ ጸሐፊው ሰሌዳው ላይ ጻፈው።